በበዓል ሰሞን ቆላም ደጋም ወዳለው አገር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

የበዓል ሰሞን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ሰው የሚሄድበትን አገር ስም ይጽፍና “በዲሴምበር አየሩ እንዴት ነው?” ብሎ ይፈልጋል። አንድ ቁጥር ያገኛል። በዚያ ቁጥር ትኬት ይቆርጣል፣ በዚያው ቁጥር ሻንጣ ይሞላል። ባሕር ዳርቻ፣ በረሃ፣ ተራራና ጫካ ላለው አገር ግን አንድ ቁጥር የለውም። ያገኙት 25 ዲግሪ የዋና ከተማው ቀትር ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ሦስተኛውን ሌሊት የሚያድሩት 4,000 ሜትር ላይ ነው።

ደረጃዎቹን በተራ ይከተሉ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ሳይጨርሱ አንድ ሳንቲም አይክፈሉ። ወራቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በረራም ማረፊያም የሚያዘው በእሱ ነውና።

ደረጃ 1፦ አገሩን በአየር ጠባዩ ይከፋፍሉ

ወረቀት ያውጡ። ማየት የሚፈልጉትን ቦታ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይጻፉ። በእያንዳንዱ ስም አንጻር እነዚህን ይሙሉ፦

- የሚያድሩበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? (ቀን የሚጎበኙት ሌላ ከሆነ እሱንም ለብቻው ይጻፉ።)
- በሚሄዱበት ወር የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ስንት ነው?
- የቀኑ ከፍተኛ ሙቀትስ?
- በወሩ ውስጥ ስንት ቀን ይዘንባል?
- ፀሐይ በስንት ሰዓት ትጠልቃለች?

የቀንና የሌሊት አማካይ ሙቀት የሚል ቁጥር ካገኙ ይለፉት። ቀን 28፣ ሌሊት 2 ዲግሪ የሚሆን በረሃ አማካዩ 15 ነው። ለ15 ዲግሪ የለበሰ ሰው ቀን ይቃጠላል፣ ሌሊት ይንቀጠቀጣል።

የዝናብ ሚሊ ሜትርም ብቻውን ያሳስታል። 200 ሚሊ ሜትር በጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ዶፍ ሆኖ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ጠዋቱን በሙሉ ፀሐይ ያገኛሉ። ያው 200 ሚሊ ሜትር ወሩን ሙሉ ሲያካፋ ሊከርምም ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ተራራውን አያዩትም። ስለዚህ የቀናቱን ብዛት ይመልከቱ፤ ከተቻለም ዝናቡ የሚጥልበትን ሰዓት ያጣሩ።

ቁጥሮቹን ከአገሩ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የ30 ዓመት አማካይ ይውሰዱ። ከሁለት ወር በፊት “የ45 ቀን ትንበያ” የሚል ገጽ ቢያዩ አይመኑት። ከአሥር ቀን ወዲያ ያለ የዕለት ትንበያ ለዕቅድ አይሆንም።

*ለአንድ ቦታ ቁጥር ካጡ፦* በአቅራቢያው ያለውን ከተማ ይውሰዱና በከፍታ ያስተካክሉ። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከተማው 500 ሜትር ላይ ሆኖ ሌሊቱ 24 ዲግሪ ከሆነ፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለው መንደር 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ሁለት ነገር አይዘንጉ። አንደኛ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ዲሴምበር የበጋቸው፣ ማለትም የሙቀት ወራታቸው፣ መግቢያ ነው። ሁለተኛ፣ ከባሕር የሚነፍሰውን ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበለው የተራራ ገጽ ዝናቡን ይወስዳል፤ ከጀርባ ያለው ይደርቃል። በካርታ ላይ ተጎራባች የሆኑ ሁለት ከተሞች የተለያየ ወቅት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ቬትናምን ይውሰዱ፦ በዲሴምበር ሰሜን ሃኖይ ጃኬት ያስለብሳል፣ መካከለኛው ጠረፍ ሁዌ ገና ዝናብ ላይ ነው፣ ደቡብ ሆቺ ሚን ከተማ ደርቆ ይሞቃል። ደቡብ አፍሪካም እንደዚያው ነው፦ ኬፕታውን ደረቅና ነፋሻ ሲሆን ጆሃንስበርግ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ ይመታል።

ደረጃ 2፦ የእነሱን በዓል ያጥኑ

የእርስዎ የዕረፍት ቀን መቼ እንደሆነ ያውቃሉ። የእነሱን ግን አላዩም ይሆናል። የአገሩን የሕዝብ በዓላትና የትምህርት ቤት ዕረፍት ዝርዝር አውጥተው በወረቀትዎ ላይ “ዝግ” እና “ጭንቅንቅ” ብለው ምልክት ያድርጉ።

- በአንዳንድ አገር ዲሴምበር 24 እና 31 ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ትራንስፖርት ቀድሞ ይቆማል። በእነዚህ ቀናት ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀሱ። ከዋዜማው በፊት ገብተው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይቀመጡ።
- በደቡቡ የዓለም ክፍል ዲሴምበርና ጃንዋሪ የትምህርት ቤት ረጅሙ ዕረፍትም ነው። የአገሬው ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ፣ ጠረፉ ሲጨናነቅ ከተሞቹ ባዶ ይሆናሉ።
- የጨረቃ አዲስ ዓመት በሚከበርባቸው አገሮች ቀኑ በጃንዋሪ 21 እና በፌብሩዋሪ 20 መካከል ይዋልላል። ከበዓሉ በፊት መጓጓዣው ይሞላል፤ በበዓሉ ቀናት ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል።
- የሙስሊም በዓላት በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማሉ። ያለፈውን ዓመት ቀን ቀድተው አይያዙ።

ዕረፍትዎን ማንቀሳቀስ ከቻሉ ያንቀሳቅሱት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ዋጋም ሰልፍም ይቀንሳል። በደቡቡ ግን ትምህርት እስኪከፈት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ቦታ ይሰርዙ

ከባዱ ደረጃ ይሄ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። ልኩ ይህ ነው፦ ለ10 ሌሊት ሁለት የአየር ጠባይ፣ ለ15 ሌሊት ሦስት። ከዚያ በላይ አይጨምሩ። አየር በተለወጠ ቁጥር አንድ ቀን በመንገድና በሻንጣ ይበላል፤ ሰውነትዎም አንድ ቀን ይጠይቃል።

ከየትኛው ይጀምሩ? በዚያ ወር ዝናቡ፣ ጉሙ ወይም በረዶው የሄዱበትን ነገር ራሱን የሚሸፍንብዎትን ቦታ ይሰርዙ። ዝናብ ውስጥ ያለ ሙዚየም ምንም አይሆንም፤ በደመና የተዋጠ ተራራ ግን የለም ማለት ነው። ከዚያም በጉዞው መሐል አንድ ምንም ያልተያዘበት ቀን ይተዉ። ያንን ቀን ለመሙላት ያምርዎታል፤ አይሙሉት። በረራ ሲሰረዝ ጉዞውን የሚያድነው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን በከፍታ ይወስኑ

በካርታ ላይ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። እነዚህን ሕጎች በየተራ ያስተግብሩ።

1. ከቆላ ወደ ደጋ፣ ቀስ ብለው ይውጡ። ከ2,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ የከፍታ ሕመም ሊይዝዎት ይችላል፤ ወጣትነትም ስፖርተኛነትም አያድንም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አያሳድጉ፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን ይረፉ።
2. ዝናብና ናዳ መንገድ ሊዘጋበት የሚችለውን ቦታ መጨረሻ ላይ አያድርጉ። ከእሱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይቅርዎት።
3. ባሕር ውስጥ በታመቀ አየር ጋን እየተነፈሱ ጠልቀው የሚዋኙ ከሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቀው ከወጡ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩ። በመኪና ወደ ተራራ መውጣትም ያው አደጋ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።
4. ከቆላው ግን ረግረጋማውንና ሞቃቱን ወደ መጨረሻ ያድርጉ። እዚያ የራሰ ልብስ አይደርቅም። ሻጋታ የያዘ ሹራብ ይዞ ወደ ብርድ መውጣት አያስደስትም።

*በተግባር፦ ፔሩ በዲሴምበር።* ሊማ ባሕር ጠረፍ ናት፤ ዝናብ አታውቅም ማለት ይቻላል፣ በጋዋም ይጀምራል። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ዝናቧ ገብቷል። የጥንቱ የኢንካዎች ፍርስራሽ ከተማ ማቹ ፒቹ ከኩስኮ ዝቅ ብሎ 2,430 ሜትር ላይ ነው። የአማዞን ጫካ ሙቀትና እርጥበት ነው።

የተለመደው ስህተት ይኸውና፦ ሰው ከሊማ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ በረራ ኩስኮ ይገባል፣ እዚያው ያድራል፣ በማግሥቱ ንጋት ከ5,000 ሜትር በላይ ወዳለው ባለ ቀለማት ተራራ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ነው።

እንዲህ ያስተካክሉት፦ ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወረዱ ከተማው ውስጥ ሳያድሩ በመኪና ወደ ተቀደሰው ሸለቆ ይውረዱ። ኦያንታይታምቦ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት ይደሩበት። ከዚያ በባቡር ወደ ማቹ ፒቹ ይሂዱ። ኩስኮን ሰውነትዎ ከለመደ በኋላ ሲመለሱ ይዩት፤ ከፍ ያለውን ተራራ ከፈለጉ ከዚያ በኋላ። ወደ አማዞን በመጨረሻ ይብረሩ፤ ወፍራሙን ልብስ ኩስኮ ወይም ሊማ ባለው ሆቴል አደራ ሰጥተው። በዝናቡ ወራት የማቹ ፒቹ ሐዲድ በናዳ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ጉብኝቱን ወደ አገርዎ ከሚበሩበት ቀን ዋዜማ ላይ በፍጹም አያድርጉት። ወደ ማቹ ፒቹ በእግር የሚሄዱበት የኢንካ መንገድ ደግሞ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ይዘጋል።

ደረጃ 5፦ ወረቀትና ጤና፣ ከመነሻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

*ከሦስት ወር በፊት።* ፓስፖርትዎን ያውጡ። ብዙ አገሮች ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ ባዶ ገጽም ይፈልጋሉ። ካነሰ ዛሬውኑ ያሳድሱ። ቪዛ የሚያስፈልገው ለመድረሻው ብቻ አይደለም። መሸጋገሪያ አገር ላይ ሻንጣ ተቀብለው እንደገና የሚያስረክቡ ከሆነ፣ ድንበር መግባት አለብዎትና እዚያም ቪዛ ሊጠየቁ ይችላሉ። ኤምባሲዎች በራሳቸው አገር በዓልም፣ ባሉበት አገር በዓልም ይዘጋሉ፤ በዲሴምበር መጨረሻ ይደርስልኛል ብለው አይመኑ። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ ያጣሩ።

*ከስድስት ሳምንት በፊት።* ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የቦታዎቹን ዝርዝር ከነከፍታው ይዘው። የቢጫ ወባ ክትባት ሰርተፊኬት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከጸና ግን ለዕድሜ ልክ ነው። አንዳንድ አገር የሚጠይቀው ከየት እንደመጡና በየት እንዳለፉ አይቶ ነው፤ ስለዚህ መሸጋገሪያውንም ይንገሩት። የወባ መከላከያ ክኒን እንደ ዓይነቱ ከጉዞው ከአንድ ቀን ወይም ከሳምንታት በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። ለከፍታ ሕመም የሚሰጠውን አሴታዞላማይድ ከጓደኛ ተቀብለው አይውሰዱ፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለብዎት ለሐኪሙ ይንገሩ።

*የጉዞ ዋስትና።* ውሉን ሲያነቡ አንድ ቃል ይፈልጉ፦ ሜትር። አንዳንዶቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የደረሰን ሕመም አይሸፍኑም። በሄሊኮፕተር ማውረድ መካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ዋስትናውን የመጀመሪያውን ክፍያ በከፈሉበት ቀን ይግዙ፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ዋስትና ለዚያ አውሎ ነፋስ አይከፍልም።

ደረጃ 6፦ ክፍያ፣ በዚህ ተራ

1. በቁጥር የተገደበ የመግቢያ ትኬት ካለ፣ ለሚፈልጉት ቀን መኖሩን ይዩ። ማቹ ፒቹ በቀንና በሰዓት የተወሰነ ትኬት ነው። እሱ ከሌለ ጉዞው በሙሉ መሸጋሸግ አለበት።
2. ለበዓሉ ሌሊቶች ሊሰረዝ የሚችል ማረፊያ ይያዙ። ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።
3. ቪዛ።
4. ዓለም አቀፍ በረራ። በአንዱ ከተማ ገብተው በሌላው የሚወጡበትን ትኬት ይፈልጉ፤ የመመለሻ ቀን ይቆጥብልዎታል።
5. የአገር ውስጥ በረራ።

ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ማያያዝ ካልቻሉ በመካከላቸው አንድ ሌሊት ያስገቡ። በተለያየ ትኬት ከበረሩ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት የሚጠየቅ አየር መንገድ የለም።

የበረራ ሰዓት ሲመርጡ አየሩን ያስቡ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ተራራማ አገር የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ይያዙ። ደልሂን በመሰሉ፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ጠዋት ጉም በሚጥልባቸው ከተሞች ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀትርን ይምረጡ። የአገር ውስጡን የሻንጣ ክብደትም ለብቻው ይዩት። በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሳፋሪ የሚወስዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ያውም በሚተጣጠፍ ቦርሳ።

ደረጃ 7፦ አንድ ሻንጣ፣ ሦስት አየር

ለእያንዳንዱ አየር የተለየ ልብስ አይያዙ። የሚደራረብ ይያዙ፦

- ሁለት ስስ የውስጥ ሹራብ፣ ከሱፍ ወይም ቶሎ ከሚደርቅ ጨርቅ። ጥጥ ከራሰ ሙቀት ይነጥቃል።
- አንድ ወፈር ያለ ሹራብ።
- አንድ ቀላል የላባ ጃኬት፣ ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ የሚገባ።
- ነፋስና ዝናብ የማያስገባ መደረቢያ፣ ከሁሉም በላይ የሚለበስ። ሲገዙ ጃኬቱን ለብሰው ይለኩት።
- ስስ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ወፍራም ካልሲ።
- ለቆላው ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ፦ ለፀሐይም ለትንኝም።

ጂንስ ይተዉ። ይከብዳል፣ ከራሰ ሁለት ቀን አይደርቅም። አዲስ ጫማ ተጫምተውም አይሂዱ።

ብርድ አለ ብለው የፀሐይ ቅባት እንዳይረሱ። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በረዶ ካለ ከታችም ያንጸባርቃል። በብርድ ቦታም ፊት በፀሐይ ይቃጠላል።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ የተለመደው ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ፣ ለ1,000 ሲካፈል 74 ይሆናል፤ ያልፋል። መድኃኒትዎን ሁሉ በእጅዎ ይያዙ፤ በተለይ ኢንሱሊን ዕቃ ክፍል ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላልና አያስገቡት። ብርድ ቦታ ላይ ስልክዎን ከውስጥ ኪስ ያድርጉ፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይወድቃል። ካሜራ ከብርድ ወደ ሙቅና እርጥብ ቦታ ሲገባ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል፤ ከመግባትዎ በፊት በፕላስቲክ አሽገው፣ ክፍሉን እስኪለምድ ሳይከፍቱ ያቆዩት።

ደረጃ 8፦ መንገድ ላይ ሲበላሽ

*በረራ ተሰረዘ።* ሰልፉ ላይ ቆመው ሳለ በስልክም ይደውሉ፤ ቀድሞ የመለሰውን ይጠቀሙ። የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ደረሰኝ ሁሉ ይያዙ። ቀጥሎ ያለውን ሆቴል ወዲያው ያሳውቁ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ካልተገኙ ቀሪዎቹንም ሊሰርዝ ይችላል። በአውቶቡስ ልድረስ ካሉ ደግሞ አየር መንገዱን ሳይነግሩ አይሂዱ፤ አንዱን በረራ ከቀሩ የተቀረው ትኬት፣ መመለሻው ጭምር፣ ሊሰረዝ ይችላል።

*ሻንጣ ቀረ።* ከአዳራሹ ሳይወጡ ያስመዝግቡና ቁጥር ያለበትን ወረቀት ይቀበሉ። ተጎድቶ ከደረሰ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ከተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክቱ።

*ደጋ ላይ ራስ ምታት ያዘዎት።* ባሉበት ይቁሙ፤ እስኪሻልዎት ወደ ላይ አይውጡ። ውኃ ይጠጡ፣ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ይተዉ። በማግሥቱ ካልተሻለ ይውረዱ። ከተንገዳገዱ፣ ንግግርዎ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎት ግን እስኪነጋ አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት፣ ሰው ደግፎዎት፣ ይውረዱ። ጓደኛዎ ላይ ካዩትም “ደህና ነኝ” ቢል አይስሙት፤ በቀጭን መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት እያስነኩ ያራምዱት፣ ካቃተው ይውሰዱት።

*መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠ።* ሹፌሩ “ያልፋል” ቢልም አይግቡ። የሚፈስ ውኃ ጥልቀት ባያስፈራም መኪና ያንሸራትታል። ባዶ የተዉትን ቀን እዚህ ይጠቀሙበት፤ ከሌለ ሊሰረዝ የሚችለውን ማረፊያ ይሰርዙ።

*ዝናቡ ሳያቋርጥ ቀረ።* ከመድረስዎ ሦስት ቀን ሲቀር ትንበያውን ያንብቡ፤ የመግቢያ ትኬት የማያስፈልጋቸውን ቀናት ያቀያይሩ። የጠዋቱ ሰማይ ከከሰዓቱ የሚሻልበት ቦታ ከሆነ በንጋት ይውጡ፣ ከምሳ በኋላ ይረፉ።

*ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ያዘዎት።* ወባ ያለበት ቦታ ከደረሱ ክኒኑን በአግባቡ ቢወስዱም በዚያው ቀን ይመርመሩ። ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ይወጣል፤ እስከ ዓመት የቆየም አለ። የት የት እንዳደሩና መቼ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ በደረጃ 1 የሞሉትን ወረቀት ቢያሳዩት ይበቃል።